ሰሙ ሙዝ፣ ወርቁስ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኒውዮርክ ላይ አንድ ሙዝ በ6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሙዙ የተለየ ዘር አልነበረም። በዚያው ዕለት ከጨረታው ቤት አጠገብ ከሚገኝ የጎዳና ፍራፍሬ መሸጫ በ35 የአሜሪካ ሳንቲም ተገዝቶ፣ ግድግዳ ላይ በግራጫ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ሶዝቢስ በሚባለው ስመ ጥር አጫራች ቤት ለሽያጭ ቀረበ። የገዛው ጀስቲን ሰን የተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ ነጋዴ ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጋዜጠኞች ሰበሰበና እነሱ ፊት ልጦ በላው። ሥራው "ኮሜዲያን" ይባላል፤ ባለቤቱ ጣልያናዊው ማውሪዚዮ ካተላን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ማያሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የተጠየቀበት ዋጋ 120 ሺህ ዶላር ነበር። ያኔም አንድ ሌላ አርቲስት ከግድግዳው ላይ አንስቶ በልቶታል። ሌላ ሙዝ ተለጠፈ፤ ነገሩ ቀጠለ።

እስኪ ይህን ለእናታችሁ ንገሩ። እኛ ነግረናል። የአንዳችን እናት ጉዳዩን እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳምጠው "ታዲያ ባይበላው ይበሰብስበት ነበር እኮ" ነው ያሉት። ከሰማናቸው አስተያየቶች ሁሉ ለገዥው ያዘነ እሱ ብቻ ነው።

እኛ አምስት ነን። ሁለታችን ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዷ ሰዓሊ፣ አምስተኛው ደግሞ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ የገባና እስካሁን "መሪጌታ" እያልን የምንቀልድበት ልጅ። ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ኪሎ አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን በሁሉም ነገር እንከራከራለን፤ በኳስ፣ በፊልም፣ በቤት ኪራይ። በኮንሴፕችዋል አርት የተጣላነውን ያህል ግን በምንም ተጣልተን አናውቅም። ኳስ እንኳ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ ያልቃል።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንበል፦ ኮንሴፕችዋል አርት ሐሳቡ ከዕቃው የሚበልጥበት ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1967 በጻፈው መጣጥፍ ዋናው ሐሳቡ ነው፣ ሐሳቡ ከተወሰነ በኋላ እጅ የሚሠራው ሥራ የይስሙላ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ጆሴፍ ኮሱት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ወንበር፣ የዚያኑ ወንበር ፎቶግራፍና "ወንበር" የሚለውን ቃል የመዝገበ ቃላት ፍቺ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሦስቱን አንድ ሥራ አደረጋቸው። ወንበሩን ኮሱት አልጠረበውም፤ ፍቺውንም አልጻፈውም። ያደረገው ነገር ቢኖር እናንተን ከሦስቱ ፊት አቁሞ "የትኛው ነው ወንበሩ?" ማለት ነው። የካተላን ሙዝ የዚህ ቤተሰብ የልጅ ልጅ ነው። የተሸጠውም ሙዙ አይደለም፤ ሙዙ የት፣ እንዴት እንደሚለጠፍ የሚናገር መመሪያና የእውነተኛነት የምስክር ወረቀት ነው።

መሐንዲሱ ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ "ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ።" ሰዓሊዋ ደግሞ ሁልጊዜ "ታዲያ ለምን አልሠራኸውም?" ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ይህ የሰዓሊዋ መልስ ብልጥ ይመስላል እንጂ መልስ አይደለም። ያልሠራነው ነገር ብዙ ነው፤ ያልሠራነው ሁሉ ግን አይደነቅም። ባንክም ዘርፈን አናውቅም።

የመሐንዲሱም አባባል ቢሆን የሚያስኬድ አይደለም። "እኔም እሠራዋለሁ" የሚባል ነገር ሁሉ ይጣል ከተባለ ስንት ጥሩ ነገር አብሮ ይጣላል! በአንጻሩ ማንም በቀላሉ የማይሠራው፣ ሦስት ቀን ተጎንብሰው የሚሥሉት፣ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚሰቀለው ጃንጥላ የያዘ ቄስ አለ። ላቡ የታወቀ ነው፤ እጁም የተፈታ ነው። ስንቶቻችን ቆመን አይተነዋል?

የላብ ነገር ከተነሳ የኤልያስ ስሜ ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይ አምስቱንም የሚያስማማ ብቸኛው ስም እሱ ነውና። ከመርካቶ የተለቀመ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተፈታ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የፊደል መምቻ ቁልፍ፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠለፈና እየመታ ከሩቅ ሲያዩት መስክ የሚመስል፣ ሲጠጉት ደግሞ የከተማ ካርታ የሚመስል ግድግዳ ያወጣዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ ያቆሙትና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፤ ሄዶ ያየ ያውቀዋል። መሐንዲሱ "ይሄ ጥበብ ነው" ይላል፤ ሽቦውን የጠለፈው እጅ ይታየዋላ። ሰዓሊዋ ግን ትስቅበታለች። "አንተ ያደነቅኸው ድካሙን ነው" ትለዋለች፤ "ሐሳቡን አውጣና ይህንኑ ሽቦ ይህንኑ ያህል ጊዜ ጠልፎ የጎጆ ቤት ሥዕል ቢያወጣበት ታደንቀው ነበር?" ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። የተጣለው የዓለም ኮምፒውተር መርካቶ መድረሱ፣ መልዕክት ሲያመላልስ የኖረ ሽቦ እንደ ጥጥ መፈተሉ፤ እነዚህ ሐሳቦች ባይኖሩ ድካሙ ብቻውን ግድግዳውን አይሸከመውም። ኤልያስን ኮንሴፕችዋል አርቲስት ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለንም፤ የክርክሩ ድንበር ግን "ሐሳብ ወይስ እጅ" የሚል እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን።

ድንበሩን ያገኘው፣ ይገርማችኋል፣ ራሱ መሐንዲሱ ነው። የሙያው ነገር ሆኖ ፈተና ይወዳል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ "ዕቃውን ቀይሩትና እዩ" አለን። ሥራው ውስጥ ያለውን ዕቃ አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ አስገቡ፤ ምንም ካልተለወጠ ሐሳቡ ዕቃው ውስጥ አልነበረም፣ ከጎኑ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ለሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

መጀመሪያ የተፈተነው የሁሉም አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ የነጻ አርቲስቶች ማኅበር ሰዎች "ስድስት ዶላር የከፈለ ሁሉ ሥራውን ያሳያል፤ ዳኛ የለም፣ ሽልማት የለም" ብለው ያውጃሉ። ማርሴል ዱሻምፕ ራሱ ከማኅበሩ ቦርድ አባላት አንዱ ነው። አር. ማት በሚል ስም የተፈረመበት፣ በጀርባው የተጋደመ የወንዶች መሽኛ ሸክላ ስድስት ዶላር ተከፍሎበት መጣ፤ "ፋውንቴን" ይባላል ተባለ። ዳኛ የለም ያሉት ሰዎች ተሰብስበው ድምፅ ሰጡና እንዳይታይ ወሰኑ። ዱሻምፕ ከቦርዱ ለቀቀ። ዕቃው ጠፋ፤ የቀረው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ያነሳው ፎቶግራፍ ነው። ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩት እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠሩ ቅጂዎችና መሰሎቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ 500 የጥበብ ባለሙያዎች ተጠይቀው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረው ሥራ ይህ ነው ብለዋል።

እንግዲህ ዕቃውን እንቀይረው። የሚገርመው ዱሻምፕ ራሱ ቀይሮልን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ የበረዶ መዛቂያ አካፋ ከሱቅ ገዝቶ ፈርሞበታል። አገር አልተናወጠም። አካፋ ጨዋ ዕቃ ነው፤ ማንም አይሰደብበትም። መሽኛው ግን "ሁሉን እንቀበላለን" ያሉ ሰዎችን ቃላቸውን አስበልቷል። ያንን ያደረገው ወረቀት ሳይሆን መሽኛነቱ ነው። መሐንዲሱ ቅር እያለው "አልፏል" አለ። ፊቱን ብታዩት!

ሁለተኛው ተፈታኝ ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተሠራ ይመስላል። ጣልያናዊው ፒዬሮ ማንዞኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ዘጠና ትንንሽ ቆርቆሮዎች አሽጎ በእያንዳንዳቸው ላይ "የአርቲስት ዓይነ ምድር፣ 30 ግራም" የሚል ጽሑፍ አኖረባቸው። ዋጋቸውን የተመነው በክብደታቸው ልክ በዕለቱ የወርቅ ዋጋ ነው። መሪጌታ ይህን ሲሰማ ማኪያቶው ትን አለው። "ሰሙ ዓይነ ምድር፣ ወርቁ ወርቅ!" ብሎ ለሩብ ሰዓት ሳቀ። በቆርቆሮው ውስጥ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የአርቲስቱ ጸጉር ቢሆን ቀልዱ ይሞታል። የአርቲስት ፊርማ ማንኛውንም ነገር ወርቅ ያደርጋል የሚለውን ስድብ ሊሸከም የሚችለው ያ ዕቃ ብቻ ነው። አለፈ።

እዚህ ላይ ነው መሪጌታ የክርክራችንን አቅጣጫ ያስለወጠው። "እናንተ አዲስ ነገር ያገኛችሁ ይመስላችኋል" አለ። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ቅኔ ዕቃ አይደለም። ለዕለቱ ተቆጥሮ፣ ለዕለቱ ተነግሮ አየር ላይ ይቀራል፤ የተዘረፈበት ቦታ ነገ ቢሄዱ የሚዳሰስ ነገር የለም። ከዚህ በላይ "ሐሳብ ብቻ" የሆነ ጥበብ ከወዴት ይመጣል? ነገር ግን ሐሳቡ በአንዲት ኅብረ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያቺን ቃል አውጥተህ ተመሳሳይ ፍቺ ያላት ሌላ ቃል ብታስገባ ሰሙ ባለበት ይቆማል፤ ወርቁ ግን ይጠፋል። መምህሩ ያንን ወዲያው ይሰማል። "የናንተ መሐንዲስ የቅኔ መምህር ሥራ ነው የጀመረው" አለና ሁላችንንም አሳቀን።

አንድ ነገር ግን እንናገር። በአገራችን ስለ ጥበብ ሲወራ "ሰምና ወርቅ" የምትለዋ ሐረግ እንደ በርበሬ ሁሉ ወጥ ውስጥ ትገባለች። ያልገባን ሥዕል ሲያጋጥመን "ሰምና ወርቅ አለው" ብለን እናልፋለን። መሪጌታ የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ እሱ እንደሚለው ሰምና ወርቅ አለው ያለ ሰው ወርቁን አውጥቶ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ሰም ብቻ ነው የያዘው። እና ቅኔ ቤት ውስጥ ከአድናቆቱ ይልቅ እርማቱ ይበዛል። ወድቋል የሚል ሰው የሌለበት ቦታ "አልፏል" ማለት ምን ትርጉም አለው?

ሙዙስ? ሙዙ ሲፈተን ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። መሐንዲሱ ሙዙን አውጥቶ አቮካዶ ለጠፈ፤ በርግጥ በቃል ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን የካፌዋ አስተናጋጅ ጁስ የምናዝ መስሏት መጣች። "ምን ተለወጠ? ምንም!" አለ። ሰዓሊዋ "ተለውጧል" አለች፤ "ሙዝ ያስቃል። በፊልም ላይ ሰው በሙዝ ልጣጭ ነው እንጂ በአቮካዶ ሲንሸራተት አይተህ ታውቃለህ? ስሙን ኮሜዲያን ያለው ለዚህ ነው። ደግሞም የቅርጹ ነገር አለ፤ ሰቅለኸው ወገቡ ይጎብጣል።" እውነት አላት። ነገር ግን ሙዙ የሚያስቀው እስከ 120 ሺህ ዶላሩ ነው። ዋጋውን አንሱበትና ሙዙን የአንዱ ልጅ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ልጁ ይገረፋል እንጂ ማንም አይስቅም። ቀልዱን የያዘው ዋጋው ነው። ካተላን ይህን በደንብ ያውቃል፤ በገበያው ላይ ነው የቀለደው ይላሉ ተከላካዮቹ። ይሁን። ግን ገበያው ሳቀና ስድስት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ከፈለ። የተሰደበው ሰው እየሳቀ የሚከፍልበት ስድብ፣ በእኛ ግምት፣ ስድብነቱ አልቋል። ሙዙ ለሳቃችን ይገባዋል። አድናቆት የሚሉት ነገር ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ከሰዓሊዋ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያ ሰዓሊዋ ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አሳየችን። የክፍል ጥግ ላይ የተከመረ፣ በሚያብረቀርቅ ባለቀለም ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ። መሐንዲሱ "ይሄ ደግሞ ስንት ተሸጠ?" አለ። ነገረችን። ኩባ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ፌሊክስ ጎንዛሌዝ-ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራው ነው። የሮስ ምስል የሚል ነው። ሮስ የፍቅር ጓደኛው ነበር፤ በዚያው ዓመት በኤድስ ሞቷል። የከረሜላው ክብደት ሲጀምር 175 ፓውንድ፣ ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ነው። ብዙዎች እንደሚያነቡት ይህ የአንድ ጤነኛ ሰው ክብደት ነው። ጎብኚ መጥቶ አንድ ከረሜላ ማንሳት ይፈቀድለታል። ያነሳል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ክምሩ ይቀንሳል። ሙዚየሙ ደግሞ ሊሞላው ይችላል። አርቲስቱም እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው በሽታ ሞተ።

መሐንዲሱ ዕቃውን አልቀየረም። ስኳር ተነካክቶ የቀረ ማንኪያውን ሲያዞር ቆየና አጎቱን አነሳ። ነጻ መድኃኒት እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጀመሩ በፊት የሞተ አጎት። ሱሪው እየሰፋበት ሲሄድ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። "ምስማሩን የማቀብለው እኔ ነበርኩ" አለ። "ልጅ ነኝ፤ ጨዋታ ይመስለኛል። ስንት ቀዳዳ እንደነበረው እስካሁን አውቃለሁ።" ስንት እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በሽታው "ያ ነገር" እየተባለ ይጠራ እንደነበር፣ የከሳ ሰው ሲያልፍ እናቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር እናስታውሳለን። የቺካጎውን ከረሜላ ከመካከላችን በዓይኑ ያየው የለም። በወሬ ነው የሰማነው፣ በስልክ ስክሪን ነው ያየነው። ሙዙንም በወሬ ነው የሰማነው። ሙዙን ስንሰማ ግን የጠየቅነው "ስንት ተሸጠ" ብለን ነው።

ይህን ሁሉ የምናወራው ፈረንጅ አገር ስለተሠራ ሥራ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ የቅዳሜ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገሩ የከረረው ባለፈው ዓመት ሰዓሊዋ ራሷ ቀለሟን አስቀምጣ "ወረፋ" የተባለ ሥራ ስታሳይ ነው።

የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ካልመጣም ሦስት ሳምንት። ከጎረቤቶቿ ሰላሳ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተዋሰች። ለምናውቀው ሰው እያንዳንዱ ጀሪካን ፊት አለው፦ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ አንዱ ላይ በጋለ ምስማር ስም ተጽፎበታል፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ታስሯል። በጋለሪው ወለል ላይ ከበሩ እስከ ጓሮው ግድግዳ አሰለፈቻቸው። በመሃል በመሃል ድንጋይ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ እግር ጫማ። ወረፋ የያዘ ሰው ቦታ መሆኑ ነው። መጨረሻው ላይ ቧንቧ የለም፤ ነጭ ግድግዳ ነው።

የምረቃው ምሽት ወይን ነበር፣ ንግግር ነበር፣ ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ጋለሪው ያጻፈው ነው። "የከተማ ሥነ-ቦታ"፣ "የጥበቃ ፖለቲካ"፣ "የዕቃው አካላዊነት" የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጽሑፉን ያነባል፣ ከዚያ ጀሪካኑን ጨረፍ አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ሰዓሊዋን "በጣም ደስ ይላል!" ይላታል። ማታ ታክሲ ስንጠብቅ እንዲህ አለችን፤ "ስልሳ ሰው ደስ ይላል አለኝ። አንድ ሰው ምን እንዳየ አልነገረኝም።"

መሐንዲሱ ነገራት። "እኔ ያየሁት ጀሪካን ነው" አለ። "እኛ ደጅ በየማለዳው አለ። ይሄን ለማየት ምን ጋለሪ አስኬደኝ?" ተቆጣች። "በየማለዳው አለ፤ አይተኸው ግን አታውቅም፤ ዘለኸው ነው ወደ ሥራ የምትሄደው።" ያን ምሽት በአንድ ታክሲ አልተሳፈሩም፤ ለሦስት ቅዳሜም አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም።

በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤቷ ከነነጠላቸው ጋለሪው ድረስ መጡ። "ልጄ፣ ውሃ መጥቷል እኮ፤ ጀሪካኔን ስጪኝ።" የጋለሪው ኃላፊ ሥራው ለእይታ ከቀረበ በኋላ መነካት እንደሌለበት በትህትና ገለጹላቸው። ሴትየዋ ሰውየውን አዩና፣ ወረፋውን አዩና፣ "እኔስ ወረፋዬ አይደለም እንዴ?" አሉ። ሰዓሊዋ ጀሪካኑን አንስታ ሰጠቻቸው። ኃላፊውና እሷ ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን እዚህ አንጽፈውም። በሰልፉ መሃል ባዶ ቦታ ቀረ፤ ለቀሩት አሥር ቀናት እንደዚያው ቆየ።

እንግዲህ እኛ ሁለቱ ጋዜጠኞች ስለዚህ ኤግዚቢሽን መጻፍ ነበረብን። ሰዓሊዋ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችን፤ "ያያችሁትን ጻፉ፤ ደስ ይላል እንዳትሉ።" የሙያችንን ገበና ካወራን አይቀር፣ የጥበብ ዓምድ በእኛ አገር አንድ ዐረፍተ ነገር አለው፦ "ከታዳሚው ከፍተኛ አድናቆት ተችሮታል።" ቀኑን፣ ቦታውንና ስሙን ቀያይሮ ለማንኛውም ሥራ ይሆናል። በመሐንዲሱ ፈተና ቢለካ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። አንዳችን የጓደኛ ሥራ ስለሆነ ለስለስ ብለን እንለፈው ስንል፣ ሌላችን ለጓደኛ ካልተባለ ለማን ይባላል ስንል፣ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ስለዚህ ያየነው ይኸው። "ወረፋ" አልፏል፤ ጀሪካኑ በባልዲ አይተካም። ባልዲ ባለቤቱ አጠገቡ ካልቆመ ወረፋ አይይዝም፤ ቢጫ ጀሪካን ግን ሰውን ተክቶ ሌሊቱን ያድራል። ያ ነው ወርቁ፤ ለዚያ ነው ፊት ያለው። ድንጋዩም አልፏል። ጫማው አላለፈም፤ ትንሽ አዛኝ አስመስሎታል፣ ከሌላ ሥራ የተዋሰችው ይመስላል። ሦስት ገጹ ጽሑፍ ደግሞ ወድቋል ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ይዞት ሊወድቅ ነበር። ማንኛውም ዕቃ ሥር ቢሰቀል ይሆናል፤ ጀሪካኑን አውጥታችሁ የኮሱትን ወንበር ብታስገቡ አንድ ቃል መቀየር አያስፈልገውም።

መሐንዲሱ የጎረቤትየዋን ታሪክ ከሰማ በኋላ ብቻውን ተመልሶ ሄዶ አይቶታል። ሳይነግረን ነው የሄደው፤ የእንግዳ መዝገቡ ላይ ስሙን አገኘነው። በአራተኛው ቅዳሜ መጥቶ ሰዓሊዋ አጠገብ ተቀመጠና "ሥራ የሆነው ባዶው ቦታ ሲመጣ ነው" አላት። እሷ ግን ይህን እንደ ሙገሳ አልወሰደችውም። "ያ ድንገት የመጣ ነው። የሠራሁትን ትተህ ያልሠራሁትን ታደንቅልኛለህ?" መሪጌታ ደግሞ ቅኔ ለመምህሩ ሲነገር በእርማት የመጣ ቃል የተማሪው ነው ወይስ የመምህሩ የሚል ሌላ ጥያቄ ከፍቶ ሁለት ሰዓት በላብን።

ሥራው በቅርቡ ሌላ ከተማ ሊታይ ነው። ጽሑፉ እንደማይሰቀል ተስማምታለች፤ ጫማውንም አውጥታዋለች፣ ቅር እያላት። ጀሪካኖቹን አሁንም ከጎረቤት ነው የምትዋሰው፤ ውሃ ከመጣ ባለቤቱ መውሰድ እንደሚችል በውሉ ላይ አስገብታለች። ያልተስማማነው አንድ ነገር ነው። ጀሪካን ሲወሰድ ቦታው ላይ ድንጋይ ይቀመጥ ትላለች፤ ወረፋ እንደዚያ ነው፣ ማንም ቦታውን ባዶ ትቶ አይሄድም። መሐንዲሱ ባዶውን ይተወው ይላል። ውሃ ያገኘ ሰው ወረፋ አይዝም።